የሙኒዛ ቤገም ጨዋነት

«ሀብታም አይጮኽም፣ ሰይፊ ሳሂብ» አለች የድራማው ጸሐፊ ነየራ፣ አዲሱን ገጽ ለአንጋፋው ተዋናይ እያቀበለች። «የሚጮኸው ጠበቃ የሌለው ሰው ነው።»

ሰይፊ ሳሂብ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጮኹ የኖሩ ሰው ናቸው። ካራቺም የምትወዳቸው ለጩኸታቸው ነው። በዚህ ድራማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ሆነው ይጫወታሉ፤ የዛሬው ትዕይንት ደግሞ ግማሹን ሠራተኛ የሚያባርሩበት ስለሆነ ጠረጴዛ ሊደበድቡ፣ ብርጭቆ ሊሰባብሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው መጥተዋል። ገጹን ገልብጠው አዩት። ከጀርባው ምንም የለም።

«'ቤተሰባችን ወደ አዲስ ምዕራፍ እየተሸጋገረ ነው፤ በዚህ ጉዞ አብረውን ለነበሩ ሁሉ ከፍ ያለ አክብሮት አለን።' ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ታዲያ ማባረሩ የታለ?»

«አክብሮቱ ላይ ነው።»

መብራት የያዙት ሠራተኞች ሳቁ። ከሞኒተሩ ጀርባ አንድ ሳቅ ዘግይቶ መጣ። ነየራ ዞር ሳትል አወቀችው። ዛርያብ ነው፤ ድራማውን የሚያሠራው ኩባንያ ባለቤቶች ታናሽ ልጅ። ዓረፍተ ነገሩንም ያመጣላት እሱ ነበር፤ አባቱ ባለፈው ወር በእውነተኛ ፋብሪካ፣ ለእውነተኛ ሠራተኞች የተናገሩት። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሱ ቶሎ ብሎ ወደ ስልኩ አቀረቀረ፤ እሷም ወደ ወረቀቷ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው ፊት የተፋቀሩት እንዲህ በማቀርቀር ነው።

ነየራ የተወለደችው ላሉኬት ነው፤ ሰው ከጣራ ጣራ ተሰዳድቦ በማግሥቱ ስኳር የሚበዳደርበት ሰፈር። የሀብታሞችን አፍ የተማረችው ሌላው ሰው እንግሊዝኛ እንደሚማረው በጆሮዋ ነው። የሀብታሞች ሰፈር በሆነው በክሊፍተን ለቀረጻ በሚከራዩት ቤቶች ኮሪደር ላይ ሻይዋን ይዛ ትቆምና የቤቱ ሰዎች ሲነጋገሩ ታዳምጣለች። የገዛ ወንድማቸውን ከውርስ ሲነቅሉ «ሸክሙን እናቅልለት» ሲሉ ሰምታለች። የልጃቸው መኪና ሰው ገጭታ ስታመልጥ «በዚያ ምሽት አንድ ሁኔታ ነበር» ሲባል ሰምታለች። በእነዚህ ቤቶች ማንም ምንም አያደርግም፤ ነገሮች ራሳቸው ይሆናሉ።

ከዚያ ዛርያብ መጣና መዝገበ ቃላቷ ሆነ። በየቀኑ የድምፅ መልእክት ይልክላታል። «አጎቴ ዛሬ ሒሳብ ሹሙን 'ጤናህን ጠብቅ' አሉት። ፍቺው?»

«ተባረረ?»

«ሰኞ ቢሮው ተቆልፎ ይጠብቀዋል።»

ይሳሳቃሉ። በገዛ ቤቱ ቋንቋ የሚስቅ ወንድ ወደደች። ሌላ ቋንቋ ይችል እንደሆነ ግን ጠይቃው አታውቅም።

ሰይፊ ሳሂብ እየተነጫነጩ ወደ ካሜራው ሲሄዱ ዛርያብ አጠገቧ መጥቶ፣ ገመድ የሚያቃና መስሎ ጎንበስ አለ።

«እናቴ ሐሙስ ለሻይ ጠርታችኋለች። አንቺንና አባትሽን።»

«ምን ብለው? ቃል በቃል ንገረኝ።»

«'ብናያቸው ደስ ይለናል' ነው ያለችው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ነየራ ስንት ጊዜ ጽፋዋለች። ለማን አፍ እንደሚስማማ፣ ከምን በፊት እንደሚመጣ አሳምራ ታውቃለች። ያን ቀን ግን መተርጎም አልፈለገችም። ደስ ይለናል ካሉ ደስ ይላቸዋል አለች በልቧ፤ ፊቷም እንደ ኮረዳ ፊት ጋለ።

*

የነየራ አባት ሹጃት ሚያን ጡረታ የወጡ የባቡር ቲኬት ተቆጣጣሪ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ልጃቸውን ብቻቸውን አሳድገዋል። ለሐሙሱ ሻይ ጥቁር ሰደርያቸውን ከነ ብል መከላከያው ሽታ ለብሰው፣ ከሰፈሩ ምርጥ መጥበሻ ቤት የገዙትን ሳምቡሳ መሰል ትኩስ ካቾሪ ታቅፈው ክሊፍተን ደረሱ። የዛርያብ እናት ሙኒዛ ቤገም እሽጉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«ኸረ ለምን ተቸገሩ! ደግሞ እንዴት ደስ ይላል፣ ትኩስ ነው!»

ለአሽከሩ አቀበሉት። ካቾሪው ከዚያ ወዲያ በሕይወት አልታየም።

ሙኒዛ ቤገም ሲናገሩ ከሻይ ማንኪያ ድምፅ በላይ አይሰሙም። ኬኩን በገዛ እጃቸው ቆርሰው ሹጃት ሚያን ሳህን ላይ አደረጉ። ሳልዎ እንዴት ነው ብለው ጠየቁ፤ መድኃኒቱንም በስም ጠየቁ። ሹጃት ሚያን ተዝናኑ።

«አንድ ጊዜ ሚኒስትር ያለ ቲኬት ይዤ አውቃለሁ፣ ቤገም ሳሂባ። 'ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?' አለኝ። 'እርስዎን አውቃለሁ፤ የማላውቀው ቲኬትዎን ነው' አልኩት!»

«እንዴት ያለ ንጹሕ ሕይወት!» አሉ ሙኒዛ ቤገም፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው። «ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል? ዛርያብ፣ ስማ እንጂ።»

ዛርያብ ይሰማል። ሻዩን በማንኪያ ያማስላል፤ ስኳር ግን አልጨመረበትም።

ሹጃት ሚያን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ... ልጆቹ ተዋደዋል። እኛ ድሆች ነን፤ አንደብቅም። ልጄን ግን በሐላል ነው ያሳደግኋት።»

«እሱማ ፊቷ ላይ ይነበባል! የልጆቻችን ደስታ የኛ ደስታ አይደል፣ ሹጃት ሳሂብ? ነየራን እኮ ከገዛ ልጆቼ ለይቼ አላያትም። የምንመኝላት ትልቅ ነገር ነው። ዱባይ ያለው ቢሯችን እንዲህ ያለ ብዕር ይፈልጋል፤ ካራቺ ጠባብ ናት፣ ችሎታ ታፍናለች። የቀረውን ምራን ብለን ኢስቲኻራ ሰግደን ለአላህ ሰጥተነዋል። ሸኻችን ይሄ ዓመት ለዛርያብ ከበድ ይላል ብለውናል። ግን ጊዜ ሁሉን ያሳያል፣ ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ! ኢንሻአላህ!» አሉ ሹጃት ሚያን፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ነየራ አባቷን አየች። ቃሉን እንደ ማር እየላሱት ነው። ለእሷ ግን ከቃሉ ትርጉሙ ቀድሞ ይደርሳታል። ከልጆቼ ለይቼ አላያትም ማለት ለልጄ እህቱ ናት ማለት ነው። ዱባይ ማለት ከከተማዬ ውጪልኝ ማለት ነው። ሸኻችን ማለት ደግሞ ከአላህ ጋር ልትከራከሪ ነው ወይ ማለት ነው። በሩ ሁሉ አንድ በአንድ፣ ሳይንኳኳ፣ ተዘጋ፤ አባቷም በእያንዳንዱ የተዘጋ በር ፊት ያመሰግናሉ።

በዚያ ቤት የማይደረገውን አደረገች።

«ዛርያብ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

አሽከሩ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆመ። ሙኒዛ ቤገም ፈገግታቸውን አላጠፉም፤ ወደ ልጃቸውም አልዞሩም፤ መዞር አላስፈለጋቸውም። ዛርያብ ቀና አለ። ነየራ በዓይኗ ለመነችው። አንድ ቃል ብቻ። ክፉም ቢሆን፣ የራሱ የሆነ አንድ ቃል።

«እስቲ... ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ እንይ» አለ።

በቤቱ መኪና ተሸኙ። ከፊት፣ ከሹፌሩ አጠገብ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ትልቅ የፍራፍሬ ቅርጫት ተቀምጧል፤ የሙኒዛ ቤገም ስጦታ። ሹጃት ሚያን ከኋላ ሆነው እጃቸውን እየዘረጉ እንደ ሕፃን ራስ ይደባብሱታል።

«እናትሽ ይህን ሳታይ!» አሉ።

ነየራ ፊቷን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ባሕሩ አዞረች። ያስለቀሳት ጨዋማው ነፋስ ነው እንዲባል ብላ መስኮቱን ከፈተችው፤ ከዚያ እንደልቧ አለቀሰች።

*

ላሉኬት ውስጥ የወንዱ እናት ፍራፍሬ ከላከች ነገር አልቋል። ሌላ ቃል አይጠየቅም። ክሊፍተን ደግሞ ፍራፍሬ የሚላከው ሰውየው ተመልሶ እንዳይመጣ ነው። ሁለቱን ሰፈር የሚያውቅ ሰው ብዙ የለም፤ ነየራ ከሚያውቁት ጥቂቶች አንዷ ናት፤ ማወቋም አልጠቀማትም። ጫማዋን ሳታወልቅ አባቷ ቅርጫቱን ፈቱት፤ ፖሙን ለዚህ፣ ወይኑን ለዚያ እያሉ የሰፈሩን በር ሁሉ አንኳኩ። እሱም አላረካቸውም። በጡረታቸው ገንዘብ ጣፋጭ በካርቶን አስመጡ።

«አባባ፣ ትንሽ እንታገሥ። ገና አልተነጋገርንም እኮ።»

«ባቡሩ ጣቢያ ገብቶ ፊሽካ ሲነፋ ገና አልደረሰም ትያለሽ? ሴትዮዋ በገዛ እጇ ነው ያቀረበችልኝ! የሳል መድኃኒቴን ስም ታውቀዋለች!»

ጎረቤታቸው ቢልቂስ ኻላ ጣፋጩን ጉንጯ ውስጥ እንደያዘች ነየራን ደጃፍ ላይ አስቆመቻት።

«አንቺ! ክሊፍተን ገብተሽ፣ የውሃ ቦቴ ወረፋ ላይ ፀጉር የተጓተትንበትን ዘመን ልትረሺ? ሠርጉ ላይ ኋላ ወንበር ብታስቀምጪኝ ተነስቼ ነው የማጋልጥሽ።»

«ኻላ፣ ነገሩ ገና ነው...»

«ሰማችኋት? ከአሁኑ እንደነሱ መናገር ጀመረች!»

ደጃፉ በሙሉ ሳቀ። ነየራም ሳቀች፤ አለመሳቅ ስላልቻለች።

ለአባቷ ልትነግራቸው አፏን በከፈተች ቁጥር ፊታቸው ያሸንፋታል። በመጨረሻ አንድ ነገር ወሰነች። መጀመሪያ ከዛርያብ ቁርጡን ትሰማለች። እሺ ካለ የአባቷ ጣፋጭ እውነት ሆነ ማለት ነው፤ ካላለ በሰፈሩ ፊት የአባቷ አንገት ተደፋ ማለት ነው። ከሁለቱ ሌላ መንገድ የለም። ዛርያብ ግን «ጊዜ ስጪኝ» ብሎ ጻፈና ድምፁን አጠፋ። በእሱ ምትክ ከኩባንያው የሰው ኃይል ክፍል አንዲት ለስላሳ ሴት ደወለች።

«ነየራ ጂ፣ ብዕርዎ በጣም ደክሟል። ዕረፍት ይገባዋል ብለን አስበናል።»

«ተባረርኩ ማለት ነው?»

«ኸረ በፍጹም! እኛ ጋ እንዲህ ያለ ቃል የለም።»

«እንግዲያው ሰኞ እገባለሁ።»

«ሰኞ... በር ላይ ያሉት ጥበቃዎች ስምዎን ሲፈልጉ ትንሽ ይቸገሩ ይሆናል።»

ነየራ ስልኩን ዘጋች። መጀመሪያ የመጣባት መከፋት አልነበረም፤ ዓረፍተ ነገሩ ጥሩ ነው ብላ አደነቀች። እሷ ብትጽፈው ከዚህ አይሻልም። ማድነቋን ስታውቅ ነው እንባዋ የመጣው።

*

ዛርያብ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ መጣ፤ በሪክሾ። ላሉኬትን ረግጦ አያውቅም፤ ቤቱን ሲጠይቅ ሰፈሩ አጅቦ አመጣው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ቢልቂስ ኻላ ከመስኮቷ ብቅ ብላ «ሙሽራው በሪክሾ! ምነው፣ መኪናዋ ታማለች?» አለችው። ሹጃት ሚያን አቅፈው ሳሙት፣ አስቀመጡት፣ ማራገቢያውን ወደ እሱ አዞሩለት፤ መብራት እንደጠፋ ሲያስታውሱም በጋዜጣ አራገቡለት። ከዚያ ብልህ አባት ሆኑ።

«ትኩስ ጃለቢ ላምጣ። ሻይ ያለ ጣፋጭ አይሆንም። እናንተ ተጫወቱ» ብለው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ።

«ነየራ፣ አግቢኝ» አለ ዛርያብ።

እንዲሁ፣ ያለ መግቢያ። ከቃሉ ግልጽነት ራሱም የደነገጠ ይመስላል።

«ኢስቲኻራ የተሰገደ የለም። ሸኽም የለንም። እናቴ ዋሸች፤ እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ። ጊዜ ልግዛ ብዬ ነው ልልሽ ነበር፤ ግን አይደለም፣ ፈርቼ ነው። ከቤት ወጥቻለሁ። የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ትቼው መጣሁ። ሥራ የለኝም፣ ምንም የለኝም፣ ካንቺ ሌላ የምፈልገው የለም። ይኸው። እንዲህ ነው አይደል የሚባለው?»

ነየራ ይህን ሰው ነበር ሁለት ዓመት የጠበቀችው፤ ይኸው፣ ከነላቡ ፊቷ ተቀምጧል። እጇ ሳታዘው ወደ እጁ ሄደ። ከመስኮቱ የሚገባው የሰፈሩ ጫጫታ ሁሉ የሠርግ ዘፈን መሰላት።

«ይህን ሁሉ ቀን ዝም ብለህ» አለች፣ ድምጿ ሳቅም እንባም ሆኖ፣ «ዛሬ ምን አስነሳህ?»

እዚህ ላይ «ብዙ ነገር ተደራርቦ ነው» ቢላት ኖሮ አብረው ባረጁ ነበር። ዛርያብ ግን እውነት መናገር የጀመረው ዛሬ ነው፤ ጀማሪ ደግሞ የት እንደሚቆም አያውቅም።

«ትናንት ገበታ ላይ ሹፌሩ የነገራትን እናቴ አወራችው። አባትሽ ፍራፍሬውን ለሰፈሩ እንዳደሉ፣ ጣፋጭ እንደገዙ። ሁሉም ሳቁ። አጎቴ 'ምስኪን ሽማግሌ፣ አንደኛ ማዕረግ የተሳፈረ መሰለው!' አሉ። እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ምግቡ አልዋጥ አለኝ፤ ተነሳሁ።»

እጇ በእጁ ውስጥ ቀረ፤ ግን ቀዘቀዘ።

«ሁሉም ሳቁ?»

«አዎ።»

«አንተም?»

ዛርያብ አያት። ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ዘር ማንዘሩ የሠለጠነው ለዚህ ነው።

«ትንሽ» አለ። «መጀመሪያ ላይ። ሳላስበው። ካሁን ወዲያ ምንም አልደብቅሽም ብዬ ስለማልኩ ነው የምነግርሽ።»

ከውጭ የአባቷ ድምፅ ተሰማ፤ ጃለቢ ሻጩን ይቆጣሉ። «ከላይ ካለው አይደለም! ከሚንተከተከው አውጣልኝ! ለአማቼ ነው እያልኩህ!»

ነየራ እጇን ቀስ ብላ ሳበች። ሻርፗን አስተካከለች። ፊቷ ላይ ዛርያብ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ፈገግታ ወጣ፤ እሷ ላይ ግን አይቶት አያውቅም።

«መምጣትህ ለኛ ትልቅ ክብር ነው፣ ዛርያብ ሳሂብ። የተናገርከውን ሁሉ በመልካም ተቀብለነዋል። እንዲህ ያለ ነገር አውጥቶ መናገር ቀላል አይደለም።»

ሌላ ሰው ይህን ቢሰማ ተስፋ ያደርግ ነበር። ዛርያብ ግን ይህን ቋንቋ ከጡት ጋር ነው የጠባው።

«እንደሱ አታናግሪኝ። ስደቢኝ። ምቺኝ። ጣራ ላይ ወጥተሽ በሰፈሩ ፊት አዋርጂኝ። እንደሱ ግን አታናግሪኝ፣ ነየራ።»

«ኸረ ምን በድለህ? ሙቀቱ ነው። እኛ ሰፈር ለለመደውም ይከብዳል።»

«እወድሻለሁ እኮ!»

«እሱማ ምን ጥርጥር አለው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ማወቃችን ራሱ ለኛ በረከት ነው። ለእናትህ ሰላምታችንን አድርስልን። ፍራፍሬው በጣም ጣፋጭ ነበር በላት።»

ከእያንዳንዱ ቃል ጋር ከውስጧ አንድ ነገር ይቀደዳል። ያም ሆኖ፣ ለራሷም ማመን ቢያቅታት እንኳ፣ ደስ ይላት ነበር። የት እንዳመመው ታያለች። ቀጥሎ የት ቢነካ እንደሚያመው ታውቃለች። አንጀቷ «ተይ፣ ይበቃል፣ ያዢው» ይላታል፤ አፏ ግን ቀድሟት ሄዷል፤ እንዳይቆም አድርጎ ያሠለጠነው ደግሞ ዛርያብ ራሱ ነው።

ዛርያብ ተነሳ። ሊለምናት ከንፈሩን ከፈተ። ከዚያ ያደገበት ጨዋነት መጥቶ አፉን ያዘው።

«ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ» አለ።

«ቤታችን ምንጊዜም ቤትህ ነው» አለች።

ሹጃት ሚያን በሩን በክርናቸው ገፍተው የገቡት በዚህ ቃል ላይ ነው። ጃለቢው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይጨሳል።

«ወዴት? ወዴት? ሳይቀዘቅዝ!»

ዛርያብ የሽማግሌውን እጅ ይዞ ሳመው። ቀና ብሎ ፊታቸውን ማየት ግን አልቻለም። ወጣ። ደጅ ላይ የነበሩት አጨበጨቡለት።

«አይ የትልቅ ቤት ልጅ፣ ይሉኝታው!» አሉ ሹጃት ሚያን። ወደ ልጃቸው ሲዞሩ ዓይናቸው ይንቦገቦጋል። «ግን ሰማሁሽ። በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁሽ፣ ልጄ። 'ቤታችን ምንጊዜም ቤትህ ነው!' እንዴት ያለ አነጋገር ነው! ልክ እናቱን! እኔ እኮ እዚያ ቤት ገብታ አንገቷን ትደፋ ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ለካ ከነሱ አታንሺም። በሉ እንግዲህ፣ መቼ ተባባላችሁ? ከረመዳን በፊት?»

«አባባ» አለች። «እምቢ አልኩት።»

ሳቁ። ከዚያ ሳቁን አቆሙት፤ ፈገግታቸው ግን መሄጃ እንደጠፋው እንግዳ ፊታቸው ላይ ቆሞ ቀረ።

«በዚያ አፍ?»

«በዚያ አፍ። እናቱም ያን ቀን እምቢ ብለውናል። ኬኩን እየቆረሱልዎት።»

ሹጃት ሚያን ቀስ ብለው ተቀመጡ። የጃለቢው ሽሮፕ ጋዜጣውን አልፎ ጣታቸው ላይ ይንጠባጠባል፤ አልጠረጉትም። ከመስኮቱ ማዶ ቢልቂስ ኻላ ቀኑ ተቆረጠ ወይ እያለች ትጣራለች።

«እኔ እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ «ጣፋጩን ሳድል ከመስጊዱ ማዶ ያሉትን እንኳ አልዘለልኩም። ለሁሉም ነው የሰጠሁት።»

ነየራ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች።

«ልጁ ግን መጥቶ ነበር» አሉ። «በሪክሾ መጥቶ ነበር። ካንቺ ሌላ ባይፈልግ ነው እንዲያ የመጣው። ለምን እምቢ አልሽው?»

የገበታው ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ አለ። አንደኛ ማዕረግ የተሳፈረ መሰለው። አባቷ ይህን ከሰሙ ከዚህ ወንበር አይነሱም።

«ነገሩ... ሳይሆን ቀረ፣ አባባ» አለች። «አንዳንድ ነገር እንዲህ ነው።»

ሹጃት ሚያን ፊቷን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ቋንቋው ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቷቸው ነበር።